በዋግ የመሬት መምህር መሆን ስንት ያስከፍላል?

ሰቆጣ ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ሌላ ቦታ ከማስተማር ይለያል። በመጽሐፉ ውስጥ በሥዕል ያለው ሁሉ ከክፍሉ በር ወጣ ሲሉ በአካል ይገኛል። ደረጃ በደረጃ ተነባብሮ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ አፈሩ ተጠርጎ ጭንጫው የቀረ ቁልቁለት፣ ክረምት ሲገባ ደፍርሶ ወደ ተከዜ የሚወርደው ውኃ፣ ከላይ ገብስ የሚዘራበት ደጋ፣ ከታች ማሽላና ፍየል ብቻ የሚችሉት ቆላ፤ ሁሉም በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ አለ። ይህን አገር ለልጆቹ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወላጆች ግን ዛሬም ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። በቅርቡ አንድ የድሃና ገበሬ ልጁን አስከትሎ መጥቶ፣ “መምህር፣ ይኸ ልጅ እንዳንቱ የመሬት ትምህርት አስተማሪ እሆናለሁ ይላል። ውጤቱም ደህና ነው። እኔ ግን ያለኝ ፍየል ነው፤ ስንት ያስወጣኛል?” አለኝ።

ጥያቄው የገንዘብ ቢመስልም መልሱ ታሪክ ይጠይቃል። በዋግ የድሃ ልጅ ትምህርትን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አያውቅም። በየዘመኑ ሌላ ወገን ከፍሎለታል፤ እሱም በአገልግሎት መልሷል። የሚከፍለው ወገን ሲለዋወጥ የሚማረውም ልጅ ቁጥር ሲበዛና ሲያንስ ኖሯል። እኔ በዕድሜዬ ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹን አይቻለሁ፤ ቀደም ያለውን ከአባቶች ሰምቻለሁ፣ ከመጻሕፍትም አንብቤአለሁ።

ከሁሉ ቀድሞ የከፈለው መንደሩ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የአገሩን ድንበር ተሻግሮ የኔታ ዘንድ ይገባል። የኔታ የትምህርት ዋጋ አይጠይቁም። ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በመኸር ጊዜ ያጭዳል። ምግቡን በየደጁ እየዞረ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ ያገኛል። አንድ ቤት ቁራሽ፣ አንድ ቤት ቆሎ ይሰጣል። ያ ቤት ልጁን አያውቀውም፤ ከየት እንደመጣም አይጠይቅም። ደብተራ ወይም መሪጌታ የሆነ ሰው ሁሉ ያደገው በማያውቃቸው ሴቶች ሞሰብ ነው። አያቶቼ ከበራቸው ተማሪ ባዶ እጁን ከተመለሰ እህሉ በረከት የለውም ይሉ ነበር፤ ይህን ሥርዓት ጽፎ ያወጀ ሹም የለም፣ ጠብቆ ያቆየው ግን ሁሉም ቤት ነበር።

እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የመሬትም ትምህርት ነበረ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስታርቆ፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይናገራል። ልጆቼን፣ ማለቴ ተማሪዎቼን፣ የመሬት ዑደትን ሳስተምር ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ በፊት በባሕረ ሐሳብ እጀምር የነበረው ለዚህ ነው። አባቱ ቄስ የሆነ ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ እጁን ያወጣ ነበር። ድንጋዩንም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ነበረ። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቆሟል፤ በስተ ደቡብ ደግሞ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የትኛው ንብርብር ለመሮ እንደሚገራ፣ የትኛው እንደሚፈረከስ፣ ውኃ በየት በኩል እንደሚሰርግ ሳያውቅ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። የጠራቢዎቹ ዕውቀት ግን በእጃቸው ቀረ እንጂ ስለ ድንጋዩ የጻፉት መጽሐፍ አልደረሰንም።

የእኛን ድንጋይ በመጽሐፍ ያሰፈረው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በሰር ሮበርት ናፒየር አዛዥነት ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲያቀና፣ ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያ አብሮ ነበር። ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ አልፎ፣ በዋግና በላስታ ምሥራቃዊ ዳርቻ አድርጎ ወጣ። ማለፊያውን ካለዘቡለት ሰዎች አንዱ የቴዎድሮስ ባላጋራ የነበሩት ዋግ ሹም ጎበዜ ናቸው። ጎበዜ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ዐድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ ድል እስኪሆኑ ድረስም ዙፋኑ የዋግ ነበር። ብላንፎርድ ግን የዙፋኑን ነገር ለወታደሮቹ ትቶ ድንጋዩን እየመታ ሄደ። ከታች ያለውን አሸዋ ድንጋይ በዓዲግራት ስም፣ የኖራውን ድንጋይ በአንታሎ ስም፣ ከላይ የተነባበረውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ለይቶ ጠራው። ምልከታውን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ውስጥ አሉ።

ይህን ታሪክ በክፍል ሳነሣ ስሜቴን ደብቄ አላውቅም። ብላንፎርድን አልወቅስም፤ በጥቂት ወራት ጉዞ የሠራው ሥራ የሚከበር ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የዋግ ሹም የእንግሊዝን ጦር አሳለፈ፤ ጦሩም አለፈ፤ ስለ ዋግ ድንጋይ የተጻፈው መጽሐፍ ግን ወደ ዋግ ሳይመለስ መቶ ዓመት ቆየ። ይህ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየፈለቀ የወጣ ቅልጥ አለት መሆኑን፣ አብዛኛው ክፍሉ በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ እንደፈሰሰ፣ ውፍረቱም በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ የሰቆጣ ልጅ የሰማው መምህር ሲመጣለት ነው። መምህሩ ደግሞ የዘገየው የሚያሠለጥነው ቦታ ስለራቀ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከፋዩ መንግሥት ሆነ። የመምህራን ማሠልጠኛ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1944 በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ኋላ ሐረር፣ ቀጥሎም ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ተከፈቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዋግ በዚያን ጊዜ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ሰቆጣ ላይ የሚያበቃውን ክፍል የጨረሰ ልጅ ዕጣው ደሴ መውረድ ነው። ደሴ ላይ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከየጁም፣ ከላስታም፣ ከዋግም የመጣ ልጅ እዚያ ተገናኝቷል።

ትምህርቱ ነጻ ነው። የደሴ ቤት ኪራይና እንጀራ ግን ነጻ አልነበረም። እናቴ ለመጀመሪያው ዓመት ጉዞዬ የሸጠችው ሁለት ፍየልና አንድ ገንቦ ማር ነው። በሶውን ራሷ ፈጭታ በስልቻ ሞላችው፤ ከሰቆጣ እስከ ኮረም በእግር ሄድን፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ከእኔ ጋር ስምንተኛን ካለፉት ውስጥ በትምህርት ከእኔ የሚበልጡ ነበሩ፤ የሚሸጥ ፍየል ያልነበራቸው ቀሩ። ዋግ ያጣችውን መምህር ስቆጥር እነሱን ነው የማስበው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለመሬት ትምህርት ትልቅ ነገር እየተሠራ ነበር። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. 1957 እና 1958፣ የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ ተቋቋመ። የመሩት አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ናቸው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ጣቢያው መዝግቦታል። አባ ጉዌን ከመሣሪያው ንባብ ሌላ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሳይቀር እያገላበጡ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። እዚያው አራት ኪሎ ፖል ሞር የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ በጂኦግራፊ ክፍል የኢትዮጵያን አትላስ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ መግቢያ አዘጋጁ። የዚያ ትውልድ የጂኦግራፊ መምህር ሁሉ በመስፍን መጽሐፍ ነው የተማረውም ያስተማረውም።

ይህ ሁሉ ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱን ያሳጠረው አንድ ብልህ ሐሳብ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኞቹ የተላኩት ለማስተማር ነው። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። እኛም ዘንድ አንድ ወጣት መጣ። ካርታ አልነበረውም፤ ጓሮ ወጥተን በጭቃ ተከዜንና ገባሮቹን አሠራን። ከዚያ ወዲህ ካርታ ማንበብ አቅቶኝ አያውቅም። ያ ወጣት ያለ ክፍያ የተማረበትን ዕዳ እኛ ላይ ከፈለ፤ እኔም መምህር መሆን እንደሚቻል ያወቅሁት ከእሱ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲወራ ብዙ ሰው የተማሪዎቹን ፖለቲካ ያነሣል። እኔ የማነሣው ለአውራጃ ከተሞች መምህር ያደረሰበትን መንገድ ነው፤ በእኔ ፍርድ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ዳር አገርን እንዲህ በርካሽ የጠቀመ አሠራር አልታየም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ የላይኛው ክፍል ተማሪና ዩኒቨርሲቲው ወደ ገጠር ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ቀን፣ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር በሐዳር፣ ሉሲ ተገኘች፤ ደሴ ላይ ግን ስለ እርሷ ያስተማረን ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ሌላ ነገር ይዞት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በ1971 ዓ.ም. ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በታወጀበት ክረምት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ያገኘሁት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው።

የተቋሙን ነገር ዛሬ ላሉት ወጣቶች ስነግራቸው ያመኑኝ ጥቂቶች ናቸው። አልጋ ይሰጣል፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ይቀርባል፤ ለሳሙና የምትሆን የኪስ ገንዘብም አለች። አንድ ዓመት ሠልጥነህ የምስክር ወረቀት ይዘህ ትወጣለህ፤ መንግሥት ወደ መደበህ ቦታ ትሄዳለህ። እናቴ ከዚያ ወዲያ አንድም ፍየል አልሸጠችም። የሥልጠናው ጥልቀት ይተቻል፤ መተቸቱም ተገቢ ነው፤ በአንድ ዓመት የመሬትን ትምህርት ማወቅ አይቻልም። ሆኖም ከዋግና ከላስታ የወጣነውን የድሃ ልጆች በሙሉ መምህር ያደረገው ያ አልጋና ያ ምሳ ነው። የክፍያው ማነስ ብቻ ሳይሆን ጨርሶ አለመኖሩ ነው ያሻገረን።

የተመደብኩት ቆቦ ነው። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን የኮረምን ረሃብ ሲያይ እኔ ጎረቤት ነበርኩ። ኮረም ሜዳ ላይ ከሰፈረው ሕዝብ ብዙው ከዋግ የወረደ ነው፤ ዘመዶቼን ከሕዝቡ መካከል ፈልጌአለሁ፣ ያገኘኋቸውም ያላገኘኋቸውም አሉ። በክፍሌ ውስጥ የቀሩት ተማሪዎች ዝናቡ ለምን እንደቀረ ጠየቁኝ። የማውቀው የደጋና የቆላ ልዩነትን፣ የወንዞችን ስም፣ የክረምቱ ነፋስ ከየት እንደሚነሣ ነው። ለምን በአንዱ ዓመት እንደሚቀር፣ ዝናብ ሲቀር ሌላ አገር የማይሞት ሰው እዚህ ለምን እንደሚሞት ግን የምስክር ወረቀቴ አላስተማረኝም። የፕሮፌሰር መስፍንን የገጠር ረሃብ ጥናት ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ረሃብ መርምረው፣ ከድርቁ ይልቅ ገበሬው የታሰረበት የኑሮ ሥርዓት ለረሃብ እንደሚያጋልጠው አስረዱ። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ለእነዚያ ልጆች የምመልሰው ይኖረኝ ነበር። ዲግሪ የፈለግሁት ለደረጃ ዕድገት ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቁ ያውቃሉ።

ዲግሪው በክረምት መጣ። ባሕር ዳር ላይ የመምህራን ትምህርት የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኢትዮጵያ ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ባደረገችው ስምምነት በተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ሰው ሁሉ ፔዳ የሚለው ግቢ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኔ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገሬ ሰቆጣ ተመልሼ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ከየወረዳው በኮታ የተላክን መምህራን አንድ ላይ እንጓዛለን። ከአምደ ወርቅ የመጣ፣ ከዝቋላ ቆላ የመጣ፣ ሁሉም ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይመጣል። ተማሪዎቹ በለቀቁት መኝታ ቤት እንገባለን። በዓመት ሊሰጥ የሚገባውን በሁለት ወር ገደማ ስለሚሰጡን ከንጋት እስከ ምሽት እንማራለን። ዝናቡ ለአንድ አፍታ አያቋርጥም። ከሁሉ የሚሻለው ቀን ወደ ጢስ ዓባይ የወጣንበት ነው፤ ፏፏቴው የሚወርድበትን የላቫ ንብርብር እያየን፣ ሁላችንም ዋግ ላይ ስናየው ኖረን ስሙን የማናውቀውን ነገር አስተማሪያችን በስሙ ነገረን።

የክረምት ትምህርት ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደመወዝህ አይቋረጥም፤ ቤተሰብህ አይበተንም፤ ክፍልህ ውስጥ ያሉ ልጆች መምህር አያጡም፤ የተማርከውን መስከረም ላይ ወዲያው ታስተምረዋለህ። መክፈል ያለብህ ዕድሜ ነው። ሌላው በአራት ዓመት የሚጨርሰውን አንተ ክረምት እየቆጠርክ ትጨርሳለህ፤ በመካከል ልጅ ይወለዳል፣ አባት ይሞታል፣ መንገዱ በናዳ ይዘጋል። ያም ሆኖ ለደሃ አገር መምህር ከዚህ የተሻለ የዲግሪ መንገድ አላየሁም፤ አሁንም ለጠየቀኝ ወጣት መምህር ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

በ1996 ዓ.ም. አዲስ ነገር ገባ፤ የወጪ መጋራት። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ተደነገገ። በእጅ የሚከፈል አይደለም፤ ውል ይፈረማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። መምህር ሆኖ የሚያገለግል ግን ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍል ደንቡ መንገድ ከፍቷል። ዋግ ውስጥ ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር የሰማ ወላጅ ጥቂት ነው። ሕዝቡ የሰማው ዕዳ የሚለውን ብቻ ነው። በረሃብ ዓመት የተበደረ ሰው ዕዳ ሲባል የሚያስበው በሬው ሲነዳበት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ልጃቸውን ያስቀሩ አባቶች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለድሃናው ሰው በመጀመሪያ ያስረዳሁት ይህን ነበር። ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባ ፍየል ሽጦ የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ የለም፤ መምህር ከሆነ ደግሞ ዕዳውን ጠመኔ ይዞ ይከፍለዋል።

ቀጥዬ የነገርኩት ግን ያን ያህል ደስ የሚል አይደለም። ዋናው ወጪ ሌላ ቦታ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆን የሚፈልግ በመጀመሪያ የሙያውን ዲግሪ ይይዛል፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይጨምራል። ለባለጸጋ አንድ ዓመት ምንም አይደለም። ዲግሪ ይዞ ወንድሙን ከእረኝነት ያላቅቀዋል ተብሎ ለሚጠበቅ ልጅ ግን ያ ዓመት ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራሉ። የትራንስፖርቱ፣ የፍራሹ፣ የስልኩ ወጪ አለ። የሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ውኃ የምትቀዳው እጅ ከቤት መጥፋቱ ራሱ ወጪ ነው፤ እናቷ በዝምታ ትከፍለዋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም ወንፊቱ ጠቦአል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ተፈታኝ በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው፣ ተፈናቃይ የተጠለለበት ከተማ ውስጥ የሚኖሩ የዋግ ልጆች ከዚያ 3 በመቶ ውስጥ ለመግባት ምን ያህል እንደሚታገሉ አስተምሬአቸው አውቃለሁ። ለእኛ የሚቀርቡት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያ ጦርነት ተዘርፈው ነበር።

ስለ ትምህርቱ ዓይነትም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በትምህርት ቤቶቻችን ጂኦሎጂ የሚባል ክፍለ ጊዜ የለም። የመሬት ሳይንስ የሚሰጠው በጂኦግራፊ ውስጥ ነው። የመሬት ሳይንስ ትምህርት ቤት አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው ግን ማዕድንና ውኃ ፍለጋ እንጂ ክፍል ውስጥ አይገባም። መምህር መሆን የሚፈልግ ልጅ የሚሻለው ጂኦግራፊና የአካባቢ ጥናት ነው፤ ድንጋዩን፣ አፈሩን፣ አየሩን፣ ሰውንም ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ጂኦግራፊን የመረጠ ልጅ ድንጋይ ሳይነካ እንዳይመረቅ ክፍሉን አጥብቆ ይጠይቅ። በመስከረም 1998 አፋር ላይ ደባሁ አጠገብ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር የተከፈተችው ከዋግ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ከሚወርደው ግድግዳ ማዶ ነው። ይህን ለሰቆጣ ልጅ ማስረዳት የሚችል መምህር ያስፈልጋል። ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ወደ እሱ የሚወርደው ደለል ከእኛ ቁልቁለት የተጠረገ አፈር ነው። ይህንንም ለአባቱ የሚያስረዳ ልጅ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2007 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ስምምነቱን በከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። መቀንጨር በክሊኒክ ብቻ አይጠፋም፤ እርከንና ምንጭ፣ ዘርና ዝናብ የሚያውቅ ትውልድ ይጠይቃል። ያን ትውልድ የሚያወጣው መምህር ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ከሌላ አገር የሚመደብልን መምህር ክረምቱን ጠብቆ ዝውውር ይጠይቃል፤ አልፈርድበትም፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣኛንም አይችልም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ኽምጣኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም እዚሁ አፍንጫችን ሥር መምህራን ያሠለጥናል። ከእኔ ዘመን ጋር ሳስተያየው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሶ ተሸክሞ ኮረም ድረስ መሄድ ቀርቷል። የቀረው ዲግሪው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱን የጂኦግራፊ ዲግሪ በሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ግቢ ይስጡ፤ አንድ ክፍል ሙሉ መምህር ወደ ሩቅ ከተማ ከሚጓዝ ጥቂት አስተማሪዎች ወደ እኛ ቢመጡ ለሁሉም ይረክሳል፣ ለመስክ ትምህርቱም ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኙም። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከየወረዳው፣ በተለይ ከቆላው፣ ለሴቶች ልጆች የተለየ ቦታ ይያዝና ተመልሰው እንዲያገለግሉ ውል ያስገባቸው፤ እኛ ያደግነው በእንዲህ ያለ ውል ነው። ውል የሚፈርም ወላጅ የአገልግሎቱን አንቀጽ በገዛ ቋንቋው ይነበብለት። ወደ ግል ኮሌጅ የሚያመሩ ልጆችም ገንዘባቸውን ከመስጠታቸው በፊት ኮሌጁ ለዚያ የትምህርት መስክ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።

አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ላላችሁ የዋግ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። አዳራሽ ከመሥራታችሁ በፊት ለአንድ ዓመቱ የማስተማር ዲፕሎማ የሚሆን የትራንስፖርትና የፍራሽ ወጪ ሸፍኑ። ያ ዓመት ነው ልጆቻችንን ከመምህርነት እያስቀረብን ያለው።